ኦን-ቼይን ግልጽነት ምንድን ነው? ኦዲትንስ ይተካል?

ሰሞኑን አንዱ እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) እርዳታ ስለሚቀበሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች "የዋሌት አድራሻቸውን ፖስት አድርገዋል እኮ፣ ሁሉም ነገር ብሎክቼይኑ ላይ አለ፣ ኦዲት ምን ያደርጋል?" ብሎ ሲጽፍ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። የምሰራው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሂሳብ ላይ ነው፣ ይሄን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ብሎክቼይንን በዝርዝር አልገባበትም፤ የክሪፕቶ ዝውውር ሁሉ የሚጻፍበት፣ ማንም የሚያየው የጋራ መዝገብ ነው። ዋሌት ክሪፕቶው የሚያዝበት ቦርሳ ነው፣ አድራሻው ደግሞ እንደ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው፣ ግን ስም የለበትም። ኦን-ቼይን ግልጽነት ማለት ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው አድራሻ፣ መቼና ስንት እንደሄደ ማንም ማየት መቻሉ ነው። በቃ ይሄው ነው።

ብሎክቼይኑን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት፤ ታርጋው አድራሻው ነው፣ ጆንያው ገንዘቡ። በር ላይ ቁጭ ብሎ የገባና የወጣውን መኪና ታርጋ፣ ሰዓቱንና የጆንያውን ብዛት ይመዘግባል፣ አይዋሽም፣ የጻፈውንም ማንም አይፍቀውም፣ እሺ ጎበዝ ዘበኛ ነው። ግን ታርጋው የማን እንደሆነ አያውቅም፣ አንድ ሰው ሃምሳ ታርጋ ካለው ለሱ ሃምሳ ሰው ነው፣ ስለዚህ ድርጅቱ የራሱን ጆንያ አውጥቶ በሌላ ታርጋ መልሶ ቢያስገባው መዝገቡ ላይ አዲስ እርዳታ የገባ ይመስላል። መኪናው መርካቶ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዘበኛው ጭራሽ ምንም አያይም። መርካቶው ኤክስቼንጁ ነው፤ ቢትኮይኑ ዶላር የሚሆነው እዛ ነው፣ የደንበኛው ሁሉ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፣ የማን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የኤክስቼንጁ የውስጥ መዝገብ ብቻ ነው። ከዛ ወዲያ ያለው ባንክ፣ ደሞዝ፣ መድሃኒት፣ የቢሮ ኪራይ ነው፣ ደረሰኝ የሚጭበረበረውም እዛ ነው።

ፓይናፕል ፈንድን ውሰዱ። በ2017 መጨረሻ ራሱን "ፓይን" ብሎ የጠራ፣ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው አድራሻውን ይፋ አድርጎ ለ60 ድርጅቶች ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ቢትኮይን ሰጠ። ከሱ እጅ መውጣቱን ማንም ማየት ይችላል። ገንዘቡ ምን እንደሰራ ማወቅ የፈለገ ግን የየድርጅቱን ሪፖርት ነው ማንበብ ያለበት፣ ቼይኑ ያንን አይነግረውም።

ማንም ባይጠይቀኝም ቼይኑ የማይሰራውን ሌላ የሙያዬን ነገር ልጨምር፣ የዋጋ አመዘጋገብን። የአሜሪካ ግብር መስሪያ ቤት አይአርኤስ ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን የሚያየው እንደ ንብረት እንጂ እንደ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የገባበት ቀን ዋጋ ይመዘገባል፣ ሲሸጥ ያለው ልዩነት ለብቻው ይታያል። ከ5,000 ዶላር በላይ ከግብር ላስቀንስ የሚል ለጋሽ ደግሞ ብቁ ገማች ያስፈልገዋል፣ የኤክስቼንጅ ዋጋ ስክሪንሾት አይበቃም።

ሌላው የሚያናድደኝ "አድራሻ ይቀያይራሉ፣ ሌቦች ናቸው" የሚለው ነው። ወንድሜ፣ አንድ ቋሚ አድራሻ ከተለጠፈ የሰጠውን ሰው የሚያውቅ ሁሉ የለጋሹን ዋሌት ተከትሎ ለጋሹ ሌላ ምን እንዳለው ማየት ይችላል። ለየለጋሹ አዲስ አድራሻ መስጠት ጥንቃቄ ነው። ግን ያኔ ድምሩን ከውጪ መቁጠር ስለማይቻል ድርጅቱ ራሱ ማውጣት፣ ገለልተኛ ሰው ደግሞ ማመሳከር አለበት።

እኔ ብሆን ከአድራሻው በፊት የምጠይቀው ቁልፉ፣ ማለትም ከዋሌቱ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስችለው ሚስጥራዊ ኮድ፣ በማን እጅ እንዳለ ነው። ከሶስት ሰው የሁለቱን ፊርማ የሚጠይቅ ዋሌት እያለ ሁሉም ነገር ሊቀመንበሩ ስልክ ውስጥ ከሆነ፣ አድራሻው ቢለጠፍም ባይለጠፍም እኔ አልሰጥም።