በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ያለው ቅጠል አርጋፊ ጫካ

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ በጥርና በየካቲት ተዳፋቱ ላይ የሚያየው ግራርና ከርቤ የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። በቀዝቃዛ አገሮች ዛፍ ቅጠሉን የሚያረግፈው የብርዱን ወራት ለማለፍ ነው፤ እዚህ ግን ጠላቱ ድርቀት ነው። ቅጠል ቀኑን ሙሉ ውሃ ያተናል፤ ከጥቅምት ጀምሮ አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ ቅጠሉን ጥሎ ያለችውን እርጥበት ይቆጥባል። የበልጉ ዝናብ ሲጥል በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቆጠቁጣል።

ከርቤን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ውጫዊ ልጡ እንደ ስስ ወረቀት ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው ሽፋን አረንጓዴ ነው። ቅጠል በሌለበት ወራት ዛፉ በዚህ ልጥ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። ለማገዶና ለከሰል «ደረቅ» እየተባለ ከሚቆረጠው ውስጥ ሕይወት ያለው ብዙ ነው፤ ማጣራቱ ግን ቀላል ነው። ልጡን በጥፍር ፋቅ ማድረግ፦ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል። ጫፉ ደርቆ ግንዱ የሚኖርበት ጊዜ ስላለ ግንዱን ሁለት ሦስት ቦታ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዘመድ ነው። በበጋ ለምልሞ በዝናብ ወቅት ይራገፋል። ስለዚህ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና በቆሎውን ከሥሩ ቢዘራ ሰብሉ ጥላ አይበዛበትም፤ አፈሩም በርጋፊው ቅጠልና በሥሩ በሚይዘው ናይትሮጅን ይዳብራል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ከማሳ ላይ መንቀል ማዳበሪያን ከነጆንያው እንደመጣል ነው።

የረገፈውን ቅጠልና እንጨት በአብዛኛው ወደ አፈር የሚመልሰው ምስጥ ነው፤ በደረቁ ወራት ሻጋታ ብዙ ሊሠራ አይችልም። ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በባቢሌ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የዝሆኖች መጠለያ አለ፤ ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ግራሩንና ቁልቋሉን እየበሉ ይኖራሉ።

ግራር በራሱ እንዳይተካ የሚያደርጉት በዋናነት ነቀዝና ፍየል ናቸው። ነቀዝ ዘሩን ከፍሬው ውስጥ ይቦረቡራል፤ ዘሩን ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት የሚንሳፈፈው በአብዛኛው የተበላ ስለሆነ ይጣላል። ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን በበጠጧ ትበትናለች፤ ይህ ጥቅም ነው። ጉዳቱ የበቀለውን ችግኝ እርሷው መልሳ መጋጧ ነው። ለችግኝ የሚፈለግ ዘር ላይ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ አፍስሶ፣ ሲበርድ እዚያው ማሳደር ጠንካራውን ሽፋን ያለሰልሰዋል። ከተተከለ በኋላ አጥር የግድ ነው።

በድሬዳዋ ቆላ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው ከውጭ የገባ እሾሃማ ዛፍ አገር በቀሉን ዛፍ እያፈናቀለ ነው። ከብት ጣፋጭ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ሳይፈጭ በየደረሰበት ይጥለዋል፤ ፍሬው ለመኖ ከተፈለገ በወፍጮ ማድቀቅ ዘሩን ይገድለዋል። ከመሬት በላይ ብቻ ከተቆረጠ በብዙ ግንድ ተመልሶ ይወጣል፤ የሚያቆጠቁጠው ከአፈሩ ሥር ካለው የግንዱ አንገት ነውና ዙሪያውን ቆፍሮ ከዚያ በታች መቁረጥ ይገባል።