ኤምኤስ ላለበት ሰው የሚሆን የተሐድሶ ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ አንጎልን፣ ሕብለ ሰረሰርንና የዓይን ነርቭን የሚያጠቃ ሕመም ነው። ሰውነትን ከበሽታ መጠበቅ የነበረበት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን ነርቮች እንደ ጠላት ያያቸዋል። ነርቮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ አላቸው፤ ማይሊን ይባላል። እሱ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። ሕመሙን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868። ዛሬ በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከኤምኤስ ጋር ይኖራሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣሉ።

አብዛኞቹ በሽታው የሚገኝባቸው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሥራ የያዙበት፣ ልጅ የሚያሳድጉበት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ የተሐድሶ ባለሙያው አክሞ የሚያሰናብት ሳይሆን ለአሥርተ ዓመታት አብሮ የሚጓዝ ሰው ነው። የሥልጠናው ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል።

አብዛኛው ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ ስለ ነርቭ ሕመም ቀድሞ የሚማረው ከስትሮክ ነው። ስትሮክ አንዴ ይመታል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ማገገም ይመጣል። ኤምኤስ እንዲህ አይደለም። ከአሥሩ ታማሚዎች ስምንት ለሚሆኑት ሲጀምር እየተሻለ እየመለሰ ያገረሻል። ሌሎቹ ላይ ከመጀመሪያው አንስቶ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ባለፈው ሳምንት የተቀመጠው ግብ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ሠልጣኙ ይህን ከልቡ ካልተቀበለ ታማሚዋ ሰንፋ የቀረች ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ትምህርት ድካም ነው። ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ድካም አይደለም። ከውጭም አይታይም። ብዙዎቹ ታማሚዎች “ኧረ ደህና ትመስያለሽ” የሚለውን ቃል ሰምተው ጠግበዋል። እንበል አንድ ሠልጣኝ ጠዋት አንዲት ሴት 7.6 ሜትር ስትራመድ ሰዓት ይይዛል። ፈጥና ትጨርሳለች። “እርምጃዋ ጥሩ ነው” ብሎ ይጽፋል። ከዚያ አሠልጣኙ ለስድስት ደቂቃ እንድትራመድ ይጠይቃታል። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ የቀኝ ጫማዋ አፍንጫ ወለሉን መጫር ጀምሯል። እግሯ ደክሞ አልነሳ ብሏል። ሠልጣኙ የጻፈውን ይሰርዛል። ይህችን ድምፅ አንዴ የሰማ ባለሙያ በአጭሩ ፈተና ብቻ አይፈርድም።

ሙቀትም ሌላው መማሪያ ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ታማሚዎች አካላቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ገለጸ፤ ዛሬ እንደሚታወቀው ሰውነት ሲሞቅ ምልክቶቹ ለጊዜው ይባባሳሉ። ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከብዳል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሠልጣኙ እዚህ ላይ መደንገጥ የለበትም፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማራገቢያ፣ ማቀዝቀዣ ሰደርያ ይጠቅማሉ። ግን መለየት አለበት። ትኩሳትም ሆነ ኢንፌክሽን ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ አዲስ ምልክት ማገርሸት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይላካል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ምልክቶቹን አባብሶ ማገርሸት ሊመስል ይችላል።

ለረጅም ጊዜ ኤምኤስ ያለባቸው ሰዎች ስፖርት እንዳይሠሩ፣ እንዲያርፉ ይመከሩ ነበር። ምክሩ የመጣው ለእነሱ ከማሰብ ነው፤ ግን ጎዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ለ15 ሳምንታት ስፖርት የሠሩ ታማሚዎች አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳየ። ዛሬ መለስተኛና መካከለኛ ችግር ላለባቸው የሚሰጠው የተለመደ ምክር በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ የልብና የሳንባ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ሠልጣኙ የሚማረው ይህን በየመሐሉ እረፍት እያስገባ እንዴት እንደሚከፋፍል ነው።

አንድ ስውር ነገርም አለ። የተገታተረ ጡንቻ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። እግሩ ደካማ የሆነን ሰው አቁሞ የያዘው ያ ግትርነት ሊሆን ይችላል። ሳያጣሩ ቢያላሉት ሰውየው ይወድቃል።

ወሬው የሚከብደው ሽንት መቆጣጠር፣ የወሲብ ሕይወት፣ ድብርትና የማስታወስ ችግር ላይ ሲደርስ ነው። ታማሚውም ያፍራል፣ ሠልጣኙም ያፍራል። በጥሩ ሥልጠና ላይ ሠልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጥያቄውን ድምፃቸውን አውጥተው ይለማመዱታል፤ አፍ እስኪለምድ ድረስ። ቀጠሮ የረሳ ሰው ግድ የለሽ ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙ ማስታወስንና የማሰብ ፍጥነትን ይነካል።

ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባርን ለማከናወን የሚያግዝ ባለሙያ)፣ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ፣ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና ሐኪም አንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው። ከጋራ ቋንቋዎቹ አንዱ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ከርትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት፣ ሕመሙ ያደረሰውን የአቅም ማጣት የሚለካ፣ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ነው። 6 ላይ ያለ ሰው 100 ሜትር ያህል ለመሄድ ምርኩዝ ይፈልጋል። መለኪያው ይጠቅማል፤ ግን ወደ እግር ያደላል፤ እጅን፣ ድካምንና አእምሮን በበቂ አያሳይም።

በመደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኤምኤስ ከብዙ ምዕራፎች አንዱ ነው። ጥልቁ ዕውቀት ከምረቃ በኋላ በአጫጭር ኮርሶችና በልምድ ልውውጥ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሰሜን አሜሪካ የኤምኤስ ማዕከላት ኅብረት፣ በ1991 ደግሞ በአውሮፓ በኤምኤስ ተሐድሶ ላይ የሚሠራው ሪምስ የተባለው መረብ ተመሥርተው ባለሙያዎችን ያገናኛሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው መምህር ሕመሙ ያለበት ሰው ራሱ ነው። ክፍል ገብታ ቀኗን የምትተርክ አንዲት ታማሚን አስቡ። ገላዋን የምትታጠበው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። ጠዋት ከታጠበች ቢሮ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል። ሠልጣኞቹ ደብተራቸውን አውጥተው የየራሳቸውን ጠዋት ይጽፋሉ፦ መነሳት፣ መልበስ፣ ደረጃ መውረድ። ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንት ጉልበት እንደሚወስድ እሷ ትነግራቸዋለች።