ሊቲየም ፕሌቲንግ ምንድን ነው? ውርጭ ላይ ያደረ ፓወር ባንክና የጠዋት ሶላር

በታኅሣሥና በጥር ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ውርጩን ያውቀዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ፀሐይ ፍንትው ስትል ደጅ ያደረውን ፓወር ባንክ አንስቶ ሶላሩ ላይ ይሰካል። ባትሪው የሚጎዳው ያኔ ነው።

ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሊቲየም አተሞች) በግራፋይቱ፣ ማለትም በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ባለው ካርቦን፣ ንጣፎች መሃል ይገባሉ። ሴሉ (ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው ባትሪ) ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አገባባቸው ይንቀራፈፋል፤ ሶላሩ ግን መግፋቱን አይተውም። መግባት ያቃተው ሊቲየም ብረት ሆኖ ግራፋይቱን ይለብጠዋል፤ ሊቲየም ፕሌቲንግ የሚባለው ይኸው ነው። ከተለበጠው ከፊሉ ተመልሶ ስለማይሠራ ባትሪው የሚይዘው ቻርጅ በዚያው ቀንሶ ይቀራል። ሲደጋገም ብረቱ እንደ መርፌ ሾሎ ያድግና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ክፋቱ፣ መብራቶቹ እንደ ወትሮው ብልጭ ድርግም ስለሚሉ ምንም አያስጠረጥርም። ጥሩ ስልኮች ሲቀዘቅዙ ራሳቸው ቻርጅ አልቀበልም ይላሉ፤ ርካሽ ፓወር ባንክ ላይ ግን ይህን መከላከያ ባትጠብቁ ይሻላል።

በብርድ መጠቀም ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ሴሎች እስከ -20 ዲግሪ ድረስ ኃይል ይሰጣሉ። ስልኩ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ቢል ቮልቴጁ ወርዶ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። የሶላር ፓኔሉንማ ብርድ ይስማማዋል፦ በቀዘቀዘ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ይጨምራል።

ስለዚህ ፓወር ባንኩ ማታ በካልሲ ተጠቅልሎ ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይደር። ደጅ ካደረ ጃኬት ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆይ፤ እሳት ዳር ማሞቅ አይገባም። መሙላቱ 3 ሰዓት ላይ ቢጀመር ምንም አይቀርባችሁም፣ የጠዋት ጨረር ደካማ ነው። በታኅሣሥ ፓኔሉን ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት። የቦርሳ ማንገቻ ጥላ ብቻ እንኳ የፓኔሉ ሴሎች በተከታታይ ስለተያያዙ ኃይሉን ክፉኛ ይቆርጠዋል። ፓወር ባንኩ ከፓኔሉ ጀርባ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ከ45 ዲግሪ በላይ መሙላትም ይጎዳዋል። ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳስበው እንዲያውም ይኸኛው ነው።

20 ዋት የተጻፈበት ታጣፊ ፓኔል በተግባር 12 ዋት ቢሰጥ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 4 ሰዓት ያህል ወስዶ ይሞላል። ስልኩን በቀጥታ ፓኔሉ ላይ አትሰኩት፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ቻርጁ ይቋረጣል፣ አንዳንዱ ስልክም ተነቅሎ እስኪሰካ አይቀጥልም።