«አጥፍቼ አበራሁት» መፍትሔ አይደለም

ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «ፕሪንተሩ እምቢ አለ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም እምቢ አለ።» «ኤልፒስታት ምን አለ?» ስል ዝምታ። ኤልፒስታት የሕትመት ወረፋው ምን ላይ እንዳለ የሚያሳይ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ ኤል፣ ፒ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቲ ብሎ መጻፍ ገመድ ነቅሎ ከመሰካት ይቀላል። ይህን መናገር ሰልችቶኛል፤ ግን እደግመዋለሁ።

«አጥፍቶ ማብራት ይፈታዋል።» አይፈታውም። የላካችሁት ሰነድ መጀመሪያ ከፕስ በሚባለው የሕትመት ሥርዓት በኩል ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ወረፋ ይይዛል። ኬብል ሲላቀቅ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ከፕስ ወረፋውን ሊያቆመው ይችላል። የቆመው ወረፋው ነው። ፕሪንተሩን አሥር ጊዜ ብታጠፉት አይነቃነቅም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ብታደርጉትም ያው ነው፤ የተላኩት ሥራዎችም ዲስክ ላይ ስላሉ አይጠፉም።

አንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ሰሞን ተጠራሁ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ፔይሮሉን ልካ አልወጣላትም። ደግማ ላከች። መብራት ሄዶ መጣ፣ እንደገና ላከች። የወረፋውን ሁኔታ ለማየት ኤልፒስታት ጭረት ፒ ስል «ዲሴብልድ» (ቆሟል) አለኝ፣ ከቆመበት ቀንና ሰዓት ጋር። የተሰለፉትን ሥራዎች ለማየት ጭረት ኦ ስል 11 ሥራ ተደርድሯል፤ ሁሉም ያው ፔይሮል። ፕሪንተሩ ያለው ኮሪደር ላይ ነው። ዝም ብዬ ወረፋውን ብከፍተው ኖሮ የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ በ11 ኮፒ መተላለፊያ ላይ ይከመር ነበር። አሥሩን በየቁጥራቸው በካንስል ትእዛዝ ሰረዝኩ። ከዚያ እሷን ፕሪንተሩ አጠገብ አቁሜ ወረፋውን በከፕስኢኔብል ትእዛዝ ከፈትኩት። አንዱ ወጣ፣ ከእጇ ገባ።

ስለዚህ አልወጣም ብላችሁ ደግማችሁ አትላኩ። እባካችሁ። መጀመሪያ ጭረት ፒ፣ ቀጥሎ ጭረት ኦ።

ሌላም የምሰማው አለ። «ኤልፒስታት ባዶ ከመለሰ ወረፋው ባዶ ነው።» የግድ አይደለም። ብቻውን ሲጻፍ የሚያሳየው የእናንተን ሥራ ነው። የሌላውንም ለማየት ጭረት ኦ ጨምሩ። ከፊታችሁ የባልደረባችሁ 200 ገጽ ተገትሮ ሊሆን ይችላል።

«ለማየት የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል።» ለማየት አያስፈልግም። የቆመ ወረፋ ለመክፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል።

«አክሴፕቲንግ ካለ እየሠራ ነው።» ይህን ቃል የሚያወጣው ጭረት ኤ የሚነግራችሁ ወረፋው አዲስ ሥራ እየተቀበለ መሆኑን ብቻ ነው። የታክሲ ሰልፍ አስቡ፤ ሰው ይሰለፋል፣ ታክሲ ግን የለም።

«ኮምፕሊትድ (ተጠናቋል) ካለ ወረቀቱ ወጥቷል።» ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ኮምፒውተሩ ዳታውን ለፕሪንተሩ አስረክቦ ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ቢነክስ ወይም ቶነር ቢያልቅ ላያውቀው ይችላል። ያለቁትን ሥራዎች ለማየት ኤልፒስታት፣ ጭረት ትልቁ ደብልዩ፣ ኮምፕሊትድ፣ ጭረት ኦ ብላችሁ ጻፉ። ሥራችሁ እዚያ ውስጥ ካለና ወረቀቱ ከሌለ፣ ተነሥታችሁ የፕሪንተሩን ክዳን ክፈቱ።