ስለ ሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ዜናና ዕድል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ሜሪላንድ መምህራን የሚሰማው አብዛኛው ነገር ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ቡና ላይ በጨዋታ መካከል የሚነገር ነው። አንዱ «የመምህር ደመወዝ 60 ሺህ ገባ» ይላል፤ ሌላው «ምን ዋጋ አለው፣ የአገር ቤት ዲግሪ አይቀበሉም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ሰው ያሳስታሉ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰዎች በእንዲህ ያለ ወሬ ብቻ ተስፋ ቆርጠው ከሙያቸው ርቀው ሲቀሩ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ ለማረም ሞክሬአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ሕግ ስለወጣ የሁሉም መምህር ደመወዝ 60 ሺህ ዶላር ሆኗል»

ወሬው የመጣው «ብሉፕሪንት» ከሚባለው የሜሪላንድ የትምህርት ሕግ ነው። ሕጉ በዊልያም ከርዋን የተመራ ኮሚሽን ለዓመታት ባጠናው ምክረ ሐሳብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የስቴቱ ምክር ቤት በ2020 አጽድቆት በወቅቱ የነበሩት ገዥ ላሪ ሆገን ውድቅ ቢያደርጉትም፣ ምክር ቤቱ በየካቲት 2021 በድጋሚ ድምፅ ሰጥቶ ሥራ ላይ እንዲውል አድርጎታል። ስለ ደመወዝ የሚደነግገው ክፍል የጀማሪ መምህር ዓመታዊ ደመወዝ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ60,000 ዶላር እንዳያንስ ያስገድዳል። እንግዲህ ይህ የመነሻ ወለል እንጂ የሁሉም መምህር ደመወዝ አይደለም፤ የረዳት መምህራንን ክፍያም አይወስንም።

ለእኛ ሰው ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው። በኢትዮጵያ የደመወዝ እርከን ከማዕከል ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ይሠራበታል። በሜሪላንድ ግን 23 ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ በድምሩ 24 የትምህርት አስተዳደሮች አሏቸው፤ መምህሩን የሚቀጥሩት እነርሱ ናቸው፤ የየራሳቸውን እርከንም ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተደራድረው ያወጣሉ። አንዳንዶቹ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ከወለሉ በላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ካውንቲዎች ውስጥ እኩል የትምህርት ደረጃና እኩል አገልግሎት ያላቸው መምህራን የተለያየ ደመወዝ ቢያገኙ ስሕተት የለበትም። ማመልከት የሚፈልግ ሰው ዜናውን ሳይሆን ያመለከተበትን ካውንቲ የዓመቱን የደመወዝ ሰንጠረዥ ማየት አለበት።

«የኢትዮጵያ ዲግሪ እዚህ ዋጋ የለውም»

ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት ያደረሰው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። በሜሪላንድ በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ለመምህርነት ፈቃድ ይታያል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የስቴቱ የትምህርት መምሪያ በሚቀበለው ገምጋሚ ተቋም ከአሜሪካ ትምህርት ጋር መመዛዘን አለበት። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ሰነድ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው» ብሎ በአንድ መስመር የሚያበቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝር ነው። ፈቃድ ሰጪው ክፍል አመልካቹ ሒሳብ ይሁን ባዮሎጂ ሊያስተምር የሚችለው ምን ያህል ኮርስ ወስዶ እንደሆነ ማየት ስላለበት የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙዎች እርሱን ያሠሩና ከወራት በኋላ ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይገደዳሉ።

ሥራውን የሚያጓትተው ግን ብዙ ጊዜ ግምገማው ሳይሆን ሰነዱ ነው። ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱ በተመራቂው እጅ ሳያልፍ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ይህም አገር ቤት ዘመድ መወከል፣ ክፍያ መክፈልና ደጋግሞ መመላለስ ማለት ነው። የተቋማት ስም መለወጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዲግሪው ላይ ዓለማያ የሚል ሰው ዛሬ የሚጽፈው ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከኮተቤ የመምህራን ኮሌጅ የተመረቀም ዛሬ የሚያገኘው የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ነው። ይህን በአጭር ደብዳቤ አስረድቶ ማያያዝ ይጠቅማል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ «ፀ» በአንዱ ሰነድ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ፣ የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ኖሮ ዲግሪው ላይ ሲታጣ ፋይሉ ለወራት ይቆማል። ወደ አሜሪካ ለመምጣት ገና በዝግጅት ላይ ያለ መምህር ካለ፣ ከሻንጣው በፊት ይህን ቢያስተካክል ብዙ ድካም ያተርፋል።

በተቃራኒው «ዲግሪዬ ተገምግሟልና መምህር ነኝ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ግምገማ የዲግሪን አቻነት ብቻ ያሳያል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የትምህርት መምሪያ ነው፤ እርሱም እንደ ትምህርቱ ዘርፍ ፕራክሲስ የሚባለውን የመምህራን የብቃት ፈተናና የመምህርነት ሥልጠናን ይጠይቃል። ፔዳጎጂና የማስተማር ልምምድ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለበት ሰው መንገዱ ያጥርለታል። ባችለር ኖሮት ቀሪውን ያላሟላ ሰው ደግሞ በጊዜያዊ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ግለሰቡ ብቻውን አመልክቶ የሚያገኘው ሳይሆን፣ ሊቀጥረው የወሰነ የትምህርት አስተዳደር የሚጠይቅለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ብዙዎች እንደሚያስቡት «መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ሥራ» አይደለም፤ መምህር በሚያንስባቸው እንደ ልዩ ፍላጎት፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛን ለተማሪዎች እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በማስተማር ባሉ ዘርፎች አንዳንድ ጊዜ ቀጣሪው ይቀድማል።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት በ12+1፣ ወይም በ10+3 ዲፕሎማ የተመረቁ ሰዎች በግልጽ ሊያውቁት የሚገባው፣ ያ ብቻውን የባችለር ዲግሪን እንደማይተካ ነው። ነገር ግን ከንቱ አይደለም። የተገመገመውን ክሬዲት የሚቀበል ኮሌጅ ከተገኘ ትምህርቱን ከመሐል መቀጠል ይቻላል፤ ወዲያውኑ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ፤ እርሱም ቀጥሎ ያለው ነው።

«ረዳት መምህርነት ወደ የትም የማያደርስ ሥራ ነው»

ረዳት መምህር ለመሆን የመምህርነት ፈቃድ አያስፈልግም። የፌዴራል «ታይትል አንድ» ድጋፍ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በትምህርት የሚረዳ ሠራተኛ ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቁ ብቻ አይበቃም፤ በተጨማሪ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም የማኅበረሰብ ኮሌጅ ዲግሪ ሊኖረው፣ አለዚያም «ፓራፕሮ» በሚባለው ዓይነት ፈተና ንባብን፣ ጽሕፈትንና ሒሳብን በማስተማር ለመርዳት መቻሉን ሊያሳይ ይገባል። ከላይ የጠቀስኩት የአገር ቤት ዲፕሎማ በግምገማ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሆኖ ከተቆጠረ እዚህ ላይ ይሠራል።

ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ሰው በክፍል ውስጥ ሆኖ የአሜሪካን ተማሪ፣ የርእሰ መምህሩን አሠራርና የልዩ ፍላጎት ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዴት እንደሚተገበር የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣም ርእሰ መምህሩ ቀድሞ የሚያስታውሰው በየቀኑ የሚያየውን ሰው ነው።

«ናሽናል ቦርድ በሁሉም ስቴት የሚያሠራ ፈቃድ ነው»

አሜሪካ አገር አቀፍ የመምህርነት ፈቃድ የላትም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው። በ1987 የተቋቋመው ናሽናል ቦርድ የሚሰጠው በፈቃደኝነት የሚወሰድ የከፍተኛ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫውን ለማግኘት ባችለር ዲግሪ፣ የጸና የስቴት ፈቃድና የ3 ዓመት የማስተማር ልምድ ያስፈልጋል። ምዘናው 4 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የትምህርቱን ይዘት በኮምፒውተር የሚፈትን ሲሆን፣ ሌሎቹ መምህሩ የራሱን ተማሪዎች ሥራ፣ በቪዲዮ የተቀረጸ ትምህርቱንና የራሱን አሠራር በጽሑፍ የሚተነትንባቸው ናቸው። ማረጋገጫው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል።

በኢትዮጵያ ያስተማረ ሰው ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚወጣውን የደረጃ ዕድገት ስለሚያውቅ ይህንንም ከአገልግሎት ዘመን ጋር አብሮ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል። አይመጣም፤ መምህሩ ራሱ ተመዝግቦ፣ ብዙ ምሽቶቹን ሰውቶ የሚያገኘው ነው። በሜሪላንድ ግን ድካሙ የሚካስበት ምክንያት አለ፤ ብሉፕሪንት ከጁላይ 2022 ጀምሮ ማረጋገጫውን ላገኘ የክፍል መምህር የ10,000 ዶላር የደመወዝ ጭማሪ ይሰጣል፤ ካውንቲው ዝቅተኛ ውጤት አላቸው ብሎ በለያቸው ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምር ደግሞ 7,000 ዶላር ይጨምርለታል። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ዝውውር የሚጠይቅ መምህር ይህን ቀድሞ ማስላት አለበት። 4ቱ ክፍሎች በድምሩ 1,900 ዶላር ሲያስከፍሉ ቆይተዋል፤ በሜሪላንድ ክፍያውን ስቴቱና ካውንቲው የሚጋሩበት ሥርዓት ስላለ፣ ከኪስ ከመክፈል በፊት የካውንቲውን አስተባባሪ ማነጋገር ይገባል። ያልጨረሰ ሰው ገንዘቡን ይመልስ እንደሆነም በዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል።

«የትምህርት ብድር ስረዛ ለመምህራን ብቻ ነው»

ሁለት ፕሮግራሞች እየተደባለቁ ነው። የመንግሥት አገልግሎት የብድር ስረዛ የሚባለው የሚያየው የሥራ መደቡን ሳይሆን አሠሪውን ነው። ስለዚህ ለካውንቲው የትምህርት አስተዳደር ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ረዳት መምህር፣ የአውቶቡስ ሹፌር ወይም የምግብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ፣ ቀጥታ የፌዴራል ብድር ካለበትና ተቀባይነት ባለው የአከፋፈል ዕቅድ 120 ወርሃዊ ክፍያዎችን ከፈጸመ ሊጠቀም ይችላል። ክፍያዎቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ሌላው የመምህራን የብድር ስረዛ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች 5 ተከታታይ ዓመት ላስተማሩ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የሳይንስ እንዲሁም ለልዩ ፍላጎት መምህራን እስከ 17,500፣ ለሌሎች እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። አንዱን የአገልግሎት ዘመን ለሁለቱም ማስቆጠር አይቻልም፤ ብድሩ ብዙ ለሆነ ሰው 5ቱን ዓመታት ለትንሹ ስረዛ ማዋል ሊጎዳው ይችላል። ከግል ባንክ የተወሰደ ብድር በሁለቱም አይካተትም።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሶሻል ሴኩሪቲ የለውም»

ይህ እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ባሉ ስቴቶች ለብዙ መምህራን እውነት ነው። በሜሪላንድ ግን መምህሩ የፌዴራሉ መንግሥት ጡረታ የሆነው ሶሻል ሴኩሪቲም የስቴቱ ጡረታም አለው። ከጁላይ 1 ቀን 2011 ወዲህ ወደ ጡረታው የገባ መምህር ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ የጡረታ መብቱም የሚጸናው 10 ዓመት ሲያገለግል ነው። በ50 ዓመቱ ለሚጀምር ሰው ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፤ 9 ዓመት ሠርቶ መልቀቅና 10 ዓመት ሞልቶ መልቀቅ ፈጽሞ አይገናኙም።

ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ በቅርቡ የተሰማው ዜናም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ፕሬዚዳንት ባይደን በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 የፈረሙት ሕግ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ካልተከፈለበት ሥራ ጡረታ ለሚያገኙ ሰዎች ክፍያውን ይቀንስ የነበረውን ድንጋጌ ሽሯል። ዜናው የተነገረው በዋናነት ስለ ሌሎች ስቴቶች መምህራን ቢሆንም፣ ድንጋጌው ከውጭ አገር መንግሥት በሚገኝ ጡረታ ላይም ይሠራ ስለነበር፣ አገር ቤት በመንግሥት ሥራ አገልግለው ከዚያ ጡረታ የሚያገኙና እዚህም ሠርተው ሶሻል ሴኩሪቲ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ጉዳዩን ሊመለከቱት ይገባል። ቀድሞ ተቀንሶብኛል የሚል ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮውን ይጠይቅ።

«መምህር ከእንግዲህ ከቀኑ 60 በመቶውን ብቻ ያስተምራል»

ብሉፕሪንት ይህን ያስቀመጠው በዓመታት የሚደረስበት ግብ አድርጎ ነው፤ ቀሪው ጊዜ ለዝግጅት፣ ከባልደረቦች ጋር ለመሥራትና የሚደክሙ ተማሪዎችን ለመርዳት የታሰበ ነበር። ብዙ ተጨማሪ መምህር ስለሚጠይቅ በ2025 የወጣ ሕግ ትግበራውን ወደ ፊት ገፍቶታል። ይህን ታሳቢ አድርጎ ሥራ የሚቀበል ሰው ቅር ይለዋል።

«አማርኛ ማወቅ በትምህርት ቤት ምንም አይጠቅምም»

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እርግጥ ቋንቋውን መናገር ብቻ አስተርጓሚ አያደርግም፤ የትምህርትን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ማወቅን ይጠይቃል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ብቃታቸውን ላስመሰከሩ ተመራቂዎች በዲፕሎማቸው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም የሚሰጥ ሕግ አላት፤ ማኅተሙም ለስፓኒሽና ለፈረንሳይኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአማርኛ የተዘጋጀ የብቃት ፈተናም አለ። ፈተናው ግን መናገርን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ስለሚመዝን፣ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራ ያደገ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በመጨረሻው ዓመት ደርሶ ሊወጣው አይችልም። በትምህርት ቤቱ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መምህር ወይም ረዳት መምህር፣ ካውንቲው በፕሮግራሙ የሚሳተፍ መሆኑን አጣርቶ፣ ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ ለወላጆቹ ቢነግራቸው ፊደሉን ለማስጠናት 3 ዓመት ይኖራቸዋል።