ብለድ ካልቸር ምንድን ነው? ውጤቱስ ለምን ቀናት ይፈጃል?

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው ለወባ ነው። ምርመራው ወባ እንደሌለ ካሳየና ሐኪሙ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቷል ብሎ ሲጠረጥር ብለድ ካልቸር ያዛል። ደሙ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመርና በ35–37 ዲግሪ እስከ 5 ቀን ይቆያል። (ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ይህን አይተካም፤ የሚያየው አንቲቦዲ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም።)

መጠበቅ የግድ የሆነው ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነና እስኪራባ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። በአዋቂ ሰው 1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጥም፤ አንዳንዴ 1 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየጠርሙሱ 8–10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ ይቀዳል። 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ከገባ፣ ወይም በሽተኛው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከጀመረ፣ «ኔጋቲቭ» የሚለው ውጤት ብዙም አያስተማምንም። ክንዱ በክሎርሄክሲዲንና በአልኮል ተጠርጎ ሳይደርቅ ከተወጋ ወይም ከተጠረገ በኋላ ደም ሥሩ በጣት ከተዳሰሰ ደግሞ የቆዳ ባክቴሪያ ይገባና ውጤቱን ያሳስታል።

የድሬ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ደም የገባበት ጠርሙስ በ2 ሰዓት ውስጥ ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ማሽኑ የሚከታተለው ባክቴሪያው ሲራባ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጥ ነው። ጠርሙሱ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲያድር ባክቴሪያው እዚያው ተራብቶ ይጨርሳል፤ ጠዋት ሲገባ ለውጡ አልፏልና ማሽኑ ዝም ሊል ይችላል። ፍሪጅ መፍትሔ አይደለም፣ ባክቴሪያውን ይጎዳል።

ማሽኑ ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ መራባቱን ካሳየ (ፖዘቲቭ ካለ) በኋላ ግራም ስቴይን፣ ማለትም ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ በደቂቃዎች ይደርሳል። የባክቴሪያውን ዘር ለመለየት በማሳደጊያ ሳህን ላይ አንድ ሌሊት፣ መድኃኒት ለመምረጥ ሌላ 16–20 ሰዓት ይጠፋል። አዳዲሶቹ ዘዴዎች የሚሻሙት ይህን ጊዜ ነው። ባክቴሪያውን በዲኤንኤው የሚለየው ፒሲአር ከፖዘቲቭ ጠርሙስ በ1 ሰዓት ገደማ የባክቴሪያውን ዘር ይናገራል፤ ግን የሚያውቀው የተዘጋጀለትን ዝርዝር ብቻ ነው፣ ካርትሪጁም ውድ ነው። ቲ2 የሚባለው ጠርሙሱን ጭራሽ ዘልሎ ከደሙ በቀጥታ በ3–5 ሰዓት ጥቂት ዘሮችን ይለያል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን አሁንም ካልቸሩ ይፈለጋል።

ለእኛ አቅም የሚቀርበው ራስት (RAST) የሚባለው፣ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሠራ ፈጥኖ የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ከፖዘቲቭ ጠርሙሱ 125 ማይክሮ ሊትር ገደማ ሳይበረዝ ሙለር ሂንተን በሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ይቀባል፣ የተለመዱት የአንቲባዮቲክ ዲስኮች ይደረደራሉ። ከ4፣ ከ6 እና ከ8 ሰዓት በኋላ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ስፋት ተለክቶ ለየሰዓቱ በወጣው ሠንጠረዥ ይነበባል፤ ዘሩ ካልታወቀ ግን ሠንጠረዡ አይሠራም። በ4ኛው ሰዓት የክቡ ጠርዝ ደብዝዞ ከታየ በግምት አይለካም፤ ሳህኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ኢንኩቤተር ተመልሶ 6ኛውን ሰዓት ይጠብቃል።