ዓሣ የጠፋበት የዓሣ ቤት፦ አኳሪየም በቪክቶሪያ ዘመን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 22 ቀን 1876 ለንደን ውስጥ፣ ከዌስትሚንስተር አቢ አጠገብ፣ አንድ ግዙፍ አዳራሽ ተመረቀ። ስሙ ሮያል አኳሪየም ነው። መርቆ የከፈተው የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ የኤዲንብራው መስፍን ነበር። አዳራሹ 104 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጣሪያው ብረትና መስታወት ነው። ውስጡ በዘንባባ፣ በፏፏቴና በሐውልት አጊጧል። 400 ሙዚቀኛ የሚይዝ ቦታ አለው። ማጨሻ ክፍል፣ ማንበቢያ ክፍል፣ ቼዝ መጫወቻ፣ የሥዕል ጋለሪ፣ ምን ቅጡ! 13 ትልልቅ የዓሣ ገንዳዎችም ተሠርተውለታል። የጎደለው ዓሣ ብቻ ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ባለቤቶቹ ከመሠረቱ ሥር አራት የውሃ ማጠራቀሚያ አስቆፍረው፣ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ነበር። የውሃው ነገር ግን ከመጀመሪያው አልሠራ አላቸው። ትልልቆቹ ገንዳዎች ባዷቸውን ቀሩ። ያም ሆኖ አዳራሹ አልተዘጋም፤ እስከ 1903 ድረስ ሕዝብ ሲጎርፍበት ኖረ። የዓሣ ቤት ያለ ዓሣ 27 ዓመት እንዴት ይኖራል? መልሱ ያለው የዚያ ዘመን እንግሊዞች አኳሪየም የሚሄዱት ምን ፍለጋ እንደነበር ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከቤት ነው። በ1845 እንግሊዝ በመስታወት ላይ ትጥለው የነበረውን ቀረጥ አነሳች፤ መስታወት ረከሰ። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት አንድ ሙከራውን ይፋ አደረገ። 50 ሊትር ገደማ ውሃ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችና አንድ የውሃ ተክል ያስገባል። ለጊዜው ደህና ነበር። ቆይቶ የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። ሰውዬው ውሃውን መቀየር ትቶ ቀንድ አውጣ ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብስባሹን ልቅም አድርገው በሉ፤ ውሃው ጠራ፤ ዓሦቹም ኖሩ። ተክሉ ለዓሣው አየር ይሰጣል፣ የዓሣው ኩስ ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ቀንድ አውጣው ቤቱን ያጸዳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ከፍቶ ለሕዝብ አሳየ። በዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም የሚባለው እሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፉን አኳሪየም የሚል ርዕስ ሰጠው፤ ቃሉም በዚያው ተለመደ። ከዚያማ አበደላቸው! የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ውሃ ሳጥን ያላስቀመጠ እንደሆነ ኋላ ቀር መሰለው። ሰው ባልዲና መዶሻ ይዞ ባሕር ዳር ወረደ፤ ከዓለት ሥር ያገኘውን ሁሉ እየፈነቀለ ወሰደ። አንዳንድ የባሕር ዳርቻ ተራቁቶ ቀረ።

የቤቱ ፋሽን ብዙ አልቆየም። ችግሩ ሁሉም ሰው ዋሪንግተን አለመሆኑ ነው፤ የሳሎን ዓሣ ቶሎ ይሞታል፤ ውሃው ይሸታል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ባለሙያ እጅ ገባ። ከባለሙያዎቹ ሁሉ የሚልቀው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ለንደን ውስጥ የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ኋላ የሐምቡርግን አኳሪየም አደራጀ፤ በ1871 ደግሞ የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ አኳሪየም አቋቋመ። ዛሬ ሆቴል መግቢያ ላይ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው የዓሣ ሳጥን ኤሌክትሪክ አለው። በሎይድ ጊዜ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከሕዝቡ ዓይን የተሰወረ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ የሆነ ትልቅ ማጠራቀሚያ ከሥር ይሠራል። ፓምፑ ከዚያ ውሃ እየሳበ ቀንም ሌሊትም ወደ ማሳያ ገንዳዎቹ ይልካል፤ ውሃው አየር እየቀላቀለ ተመልሶ ይወርዳል። ጨለማ ውስጥ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ የውሃ ሽበት አይራባም። የክሪስታል ፓላሱ ማጠራቀሚያ የሚይዘው ውሃ የማሳያ ገንዳዎቹ ሁሉ ተደምረው ከሚይዙት አራት እጥፍ ያህል ነበር። በዚህ መንገድ ያው የባሕር ውሃ ሳይቀየር ለዓመታት ያገለግላል። የዌስትሚንስተሩን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ የማይታየው ጓዳ ነው። አዳራሽ ማሳመር ቀላል ነው። ከባዱ ከሥር ያለው ነው።

ሌላው ብልሃት ብርሃን ነው። ተመልካቹ የሚቆመው ጨለም ባለ ኮሪደር ውስጥ ነው። ብርሃን የሚገባው ከገንዳው አናት ብቻ፣ ውሃውን አቋርጦ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ራሱ ባሕር ሥር የወረደ ይመስለዋል። ጨለማው ለወጣት ፍቅረኞችም ሳይመች አልቀረም።

ይህ ሁሉ አምሮ የተሠራው ከለንደን በስተ ደቡብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ብራይተን ላይ ነው። በ1872 የተከፈተውን የብራይተን አኳሪየም የነደፈው ዩጂኒየስ በርች የተባለ የባሕር ላይ ድልድይ መሐንዲስ ነው። ወጪው 130,000 ፓውንድ ደርሷል። ቅስት ጣሪያውና የተቀረጹ ዓምዶቹ ገዳም ያስመስሉታል። ትልቁ ገንዳ ብቻውን ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ለንደኖች በባቡር ይመጣሉ፤ ጠዋት ባሕር ዳር ተንሸራሽረው፣ ዝናብ ሲመጣ እዚያ ይገባሉ።

የብራይተን ኮከብ ኦክቶፐስ የሚባለው ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ነበር። ሕዝቡ የሰይጣን ዓሣ እያለ ያወራለታል፤ አብዛኛው ሰው ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አንድ ሰሞን ከጎረቤት ገንዳ ላምፕፊሽ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ማን ወሰዳቸው? አንድ ጠዋት ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ኦክቶፐሱ ሌሊት ሌሊት ከራሱ ገንዳ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ተሻግሮ፣ እራቱን በልቶ ይመለስ ነበር። የዚያን ዕለት ብቻ ሳይመለስ ነጋበት። ታሪኩን የጻፈው የአኳሪየሙ የተፈጥሮ ባለሙያ ሄንሪ ሊ ነው።

ግን ለኦክቶፐስም ቢሆን ሰው ስንት ጊዜ ይከፍላል? አንድ ጊዜ ያየ በሳምንቱ አይመለስም። ስለዚህ ብራይተን ኦርጋን አስገባ፤ የሙዚቃ ባንድ ቀጠረ፤ የሮለር ስኬት ሜዳ ከፈተ። ሙዚቃው ፍርድ ቤት ድረስ አደረሰው። በ1780 የወጣው የሰንበት ሕግ እሑድ በክፍያ መዝናኛ መክፈትን ይከለክላል። በ1875 አንድ ከሳሽ ኩባንያውን ከሶ ረታ። ዳኞቹ ዓሣ ማሳየቱ ከነባንዱ መዝናኛ ነው አሉ። ቅጣቱ ለአንድ እሑድ 200 ፓውንድ ነበር።

ዌስትሚንስተር ደግሞ ጭራሽ ዓሣውን ረሳው። በ1877 ፋሪኒ የተባለው አዘጋጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለችን ልጅ ከመድፍ አፍ አስወነጨፈ። የመድረክ ስሟ ዛዘል ነው። የወረወራት ባሩድ ሳይሆን መድፉ ውስጥ የተገጠመ ሞላ ነበር፤ ፍንዳታውና ጭሱ ለማድመቂያ ነው። ሕዝቡ ግን አበደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከላብራዶር የተያዘ ነጭ ዓሣ ነባሪ፣ ቤሉጋ፣ በባሕር አረም በተነጠፈ ሳጥን ተኝቶ፣ ውሃ እየተረጨበት አትላንቲክን ተሻገረ። ለንደን ደርሶ ጥቂት ቀን ብቻ ኖረ። ሲመረመር ሳንባው ታሞ ተገኘ። የሞተውንም ሬሳ ሰው ከፍሎ አየው።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። በ1879 የዙሉ ሰዎች እንደ ትርኢት ቀረቡ፤ ብሪታንያ በዚያው ዓመት ከዙሉ መንግሥት ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ቀጥሎ ክራኦ የምትባል ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣች ፀጉራም ሕፃን፣ በሰውና በዝንጀሮ መካከል የጠፋው አገናኝ ተብላ ለዕይታ ቀረበች። ለዓሣ የተሠራው ቤት ሰው ማሳያ ሆነ ማለት ነው። በ1890 ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሱቺ እዚያው 40 ቀን ጾመ፤ ሰውም እየከፈለ ጾመኛ አየ። በዘመኑ መጨረሻ ቤቱ ስሙ ጠፋ፤ ማታ ማታ ሴተኛ አዳሪዎች የሚመላለሱበት ቦታ ተብሎ ይታማ ነበር።

በየከተማው የተከፈቱት ሌሎቹም ብዙዎቹ አልቆዩም። በ1874 የተከፈተው የማንቸስተር አኳሪየም ሦስት ዓመት ኖሮ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት ተሸጠ። ብራይተን ግን ዛሬም ክፍት ነው፤ ኮሪደሩም ያው ኮሪደር ነው። የዌስትሚንስተሩን ቦታ የገዙት ሜቶዲስት የተባሉት ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ አፍርሰው በ1912 ሴንትራል ሆል የተባለውን አዳራሻቸውን ከፈቱበት። ጃንዋሪ 1946 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከ51ዱ መሥራች አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።